ከሐዋሳ ቱላ እስከ ዋሽንግተን ዳለስ፦ የአየር ጉዞ ርቀት፣ የበረራ ጊዜና የመነሻ ሰዓት አሰላል

ይህ መረጃ የተዘጋጀው በሐዋሳ ከተማ ሐዌላ ቱላ ክፍለ ከተማና በአካባቢው የሚኖሩ ዜጎች ወደ ውጭ ሀገር ሲጓዙ፣ ወይም ከውጭ የሚመጣ ቤተሰብ ሲቀበሉ፣ ጉዟቸውን በትክክል አስልተው እንዲያቅዱ ለማገዝ ነው። እንደ ማሳያ የተወሰደው ከአዲስ አበባ ቦሌ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ እስከ ዋሽንግተን ዳለስ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ያለው መስመር ነው። አሰላሉ ግን ወደ ጅዳ፣ ወደ ዱባይ፣ ወደ ጆሃንስበርግም ሆነ ወደ ሌላ መዳረሻ ለሚደረግ ጉዞ ያገለግላል።

በቅድሚያ ሊታወቅ የሚገባው ነገር አለ። በሁለት አየር ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት አንድ ቁጥር ነው፤ የጉዞው ጊዜ ግን አንድ ቁጥር አይደለም። በአየር ላይ የሚቆዩበት ጊዜ፣ ቲኬቱ ላይ በመነሻና በመድረሻ ሰዓት መካከል የሚታየው ልዩነት፣ እንዲሁም ከቤት ወጥተው መዳረሻዎ እስኪደርሱ የሚያልፈው ጊዜ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እነዚህን ባለመለየት በረራ ያመለጠው መንገደኛ የቲኬቱን ዋጋ፣ የቪዛውን ጊዜ፣ አልፎም የተቀጠረበትን ሥራ ሊያጣ ይችላል።

1. ከቱላ እስከ ቦሌ

ቱላ ከሐዋሳ መሃል ከተማ በስተ ደቡብ፣ ወደ ዲላና ሞያሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ትገኛለች። የሐዋሳ አየር ማረፊያ ደግሞ ከከተማው በሰሜን ምዕራብ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ከቱላ የሚነሳ መንገደኛ አየር ማረፊያው ለመድረስ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ይኖርበታል። በገበያ ቀንና ተሽከርካሪ በሚበዛበት ሰዓት መንገዱ ስለሚጨናነቅ ለዚህ ብቻ 1 ሰዓት መያዝ ተገቢ ነው።

ከሐዋሳ አየር ማረፊያ እስከ ቦሌ ያለው የአየር ርቀት 210 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በረራው ከ1 ሰዓት በታች ይወስዳል። በመኪና ሲሆን ከሐዋሳ በሻሸመኔ፣ በባቱና በሞጆ በኩል እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአየሩ መንገድ ያጠረው አውሮፕላኑ በቀጥታ ስለሚጓዝና መኪናው ግን ወደ ምሥራቅ ዞሮ በሞጆ ስለሚያልፍ ነው። በየብስ የሚሄድ መንገደኛ በሞጆ–ሐዋሳ የፍጥነት መንገድ አገልግሎት ላይ በዋሉት ክፍሎች ቢጠቀምም፣ ከቱላ እስከ ቦሌ 6 ሰዓት አስቦ ቢነሳ ይመረጣል።

2. ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ዳለስ ያለው ርቀት

በሁለቱ አየር ማረፊያዎች መካከል ያለው አጭሩ የአየር ርቀት 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ በማይል ሲሰላ 7,180፣ በአቪዬሽን ሥራ ላይ በሚውለው የባሕር ማይል ሲሰላ ደግሞ 6,240 ገደማ ይሆናል። አንድ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር፣ አንድ የየብስ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው። በተለያዩ ቦታዎች የተለያየ ቁጥር ያገኘ ሰው በመጀመሪያ የመለኪያውን ዓይነት ያረጋግጥ። ከዚህ ሌላ አንዳንዱ ስሌት ከከተማ መሃል ወደ ከተማ መሃል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከአየር ማረፊያ ወደ አየር ማረፊያ ስለሚለካ አነስተኛ ልዩነት ሊታይ ይችላል።

አጭሩ መንገድ በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ የሚሰመረው መስመር አይደለም። ምድር ክብ በመሆኗ በሁለት ቦታዎች መካከል ያለው አጭሩ መንገድ በካርታ ላይ ጎብጦ ይታያል። ከቦሌ ወደ ዳለስ የሚሄደው አጭሩ መስመር በሰሜን ምዕራብ አቅጣጫ ተነስቶ ሱዳንን፣ ሰሜን አፍሪካንና የስፔንን ምድር አቋርጦ ወደ አትላንቲክ ውቅያኖስ ይገባል። በውቅያኖሱ ላይም ከዋሽንግተን ይበልጥ ወደ ሰሜን ከወጣ በኋላ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይመለሳል።

አውሮፕላን ግን ሁልጊዜ በዚህ መስመር ላይ አይበርም። የነፋስ ሁኔታ፣ የአየር ትራፊክ ቁጥጥርና የሀገራት የአየር ክልል መዘጋት መስመሩን ያስለውጣሉ። ለምሳሌ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ግጭት ሲቀሰቀስ የሀገሪቱ የአየር ክልል በመዘጋቱ በዚያ በኩል ያልፉ የነበሩ በረራዎች ዙሪያ መሄድ ግድ ሆኖባቸዋል። በሁለቱ አየር ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት አልተለወጠም፤ አውሮፕላኑ የሚበረው ርቀትና ጊዜ ግን ተለውጧል።

3. መሄድና መመለስ ለምን እኩል ጊዜ አይወስዱም?

ትልልቅ የመንገደኛ ጄቶች በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራሉ። 11,560 ኪሎ ሜትርን ለ900 ስናካፍል 13 ሰዓት ገደማ ይመጣል። ከዳለስ ወደ ቦሌ ያለማቋረጥ የሚደረገው በረራም በእርግጥ 13 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከቦሌ ወደ ዳለስ የሚደረገው ጉዞ ግን የመካከሉን ማረፊያ ጨምሮ እስከ 17 ሰዓት ይደርሳል። ለዚህ ሁለት ዋና ምክንያቶች አሉ።

የመጀመሪያው የቦሌ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ክንፍና ሞተር በዝቅተኛ ቦታ የሚያገኙትን ያህል ኃይል አያገኙም። ስለዚህ ከቦሌ የሚነሳ አውሮፕላን የሚሸከመው ክብደት የተወሰነ ነው። መንገደኛውንና ጓዙን ሙሉ ጭኖ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ መሙላት አዳጋች ስለሚሆን፣ በመንገዱ ላይ በአውሮፓ ወይም በምዕራብ አፍሪካ በሚገኝ አየር ማረፊያ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ዳለስ በአንጻሩ ከባሕር ጠለል በላይ ከ100 ሜትር ባነሰ ከፍታ ላይ በመሆኑ፣ ከዚያ የሚነሳው አውሮፕላን በቂ ነዳጅ ይዞ በቀጥታ አዲስ አበባ መድረስ ይችላል።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። በሰሜን አትላንቲክ ላይ በከፍተኛ አየር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ብርቱ ነፋስ አለ። ወደ አሜሪካ የሚሄደውን አውሮፕላን ከፊት ይገዳደረዋል፤ ወደ ኢትዮጵያ የሚመለሰውን ደግሞ ከኋላ ይገፋዋል። ነፋሱ በክረምታቸው ወራት ይበልጥ ስለሚበረታ በአንድ መስመር የሚደረግ በረራ እንደ ወቅቱ የተለያየ ጊዜ ሊወስድ ይችላል።

ቲኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከሚንቀሳቀስበት ጀምሮ ደርሶ እስከሚቆምበት ድረስ ያለውን የሚሸፍን ሲሆን፣ በማኮብኮቢያ ላይ የሚጠፋውን ደቂቃም ይጨምራል። ለነዳጅ በሚቆምበት ጊዜ ወደ ዳለስ የሚቀጥለው መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ ከአውሮፕላኑ አይወርድም። ሆኖም ሠራተኞች የሚሰጡትን መመሪያ መከተል ያስፈልጋል።

4. ቲኬቱ ላይ 9 ሰዓት ወይም 21 ሰዓት መስሎ የሚታየው ለምንድን ነው?

በቲኬት ላይ የመነሻ ሰዓት የሚጻፈው በመነሻው ሀገር ሰዓት፣ የመድረሻ ሰዓት የሚጻፈው በመድረሻው ሀገር ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁለቱን በመቀናነስ ብቻ የበረራ ጊዜን ማወቅ አይቻልም።

ኢትዮጵያ ዓመቱን ሙሉ ሰዓቷን አትለውጥም። በዋሽንግተን ግን ሰዓት በማርች ወር ሁለተኛ እሑድ አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋና በኖቬምበር ወር የመጀመሪያ እሑድ ይመለሳል። በዚህ ምክንያት አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በአንደኛው ወቅት በ8 ሰዓት፣ በሌላው ወቅት በ7 ሰዓት ትቀድማለች።

ለምሳሌ ልዩነቱ 8 ሰዓት በሆነበት ወቅት አንድ አውሮፕላን ከቦሌ ዓርብ 22:30 ተነስቶ 17 ሰዓት ቢጓዝ፣ ሲደርስ በአዲስ አበባ ቅዳሜ 15:30 ይሆናል። ከዚህ ላይ 8 ሰዓት ሲቀነስ በዋሽንግተን ቅዳሜ 7:30 ነው። ቲኬቱ 22:30 እና 7:30 ስለሚል ጉዞው 9 ሰዓት ብቻ ይመስላል። በመልሱ ከዳለስ ቅዳሜ 11:00 ተነስቶ 13 ሰዓት የበረረ አውሮፕላን ቦሌ የሚደርሰው እሑድ 8:00፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2:00 ሰዓት ነው። በቲኬቱ ላይ ጉዞው 21 ሰዓት ይመስላል። ቤተሰብ ለመቀበል የሚወጡ ሰዎች የመነሻውን ሳይሆን የመድረሻውን ቀን መያዝ ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

5. ሰዓቱንና ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መለወጥ

ቲኬት የሚጻፈው ከ0:00 እስከ 23:59 በሚቆጥረው የ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። ወደ ኢትዮጵያ ሰዓት ለመለወጥ የሚከተለውን ይጠቀሙ።

ከ7:00 እስከ 18:59 ከተጻፈ 6 ይቀንሱ። 8:00 ከጠዋቱ 2:00 ሰዓት ነው፤ 15:00 ከቀኑ 9:00 ሰዓት ነው።

ከ19:00 እስከ 23:59 ከተጻፈ 18 ይቀንሱ። 22:30 ከምሽቱ 4:30 ነው።

ከ0:00 እስከ 6:59 ከተጻፈ 6 ይደምሩ። 0:30 ከሌሊቱ 6:30 ነው፤ 3:00 ከሌሊቱ 9:00 ሰዓት ነው።

ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ በረራ ነው። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር አዲሱ ቀን የሚጀምረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ በእኛ ልማድ ግን ቀኑ የሚለወጠው ሲነጋ ነው። ቲኬቱ «እሑድ ኦክቶበር 12 ቀን 2025፣ 0:30» ቢል፣ ዕለቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 2 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። በረራው ግን ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:30 ላይ ነው። መንገደኛው ቅዳሜ ምሽት ከ3:30 በፊት ቦሌ መገኘት አለበት። «እሑድ ነው» ብሎ እሑድ ማታ የመጣ ሰው በረራው ካለፈ አንድ ሙሉ ቀን ሊሆነው ምንም አልቀረውም።

ወሩንና ቀኑን ሲለውጡም የአምናውን ልዩነት በልማድ አይውሰዱ። ጳጉሜን 6 ቀን ከሚሆንበት ዓመት ቀጥሎ የሚመጣው ዓመት የሚጀምረው በሴፕቴምበር 12 በመሆኑ፣ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ የቀን ልዩነቱ በአንድ ይሸጋሸጋል። 2020 ዓ.ም. እንዲህ ዓይነት ዓመት ነው። ለደኅንነቱ ቲኬቱን የሸጠው ወኪል የመነሻውን ዕለት፣ ቀንና ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር በወረቀት ላይ እንዲጽፍ መጠየቅ ይቻላል።

6. ከቦሌ ወደ ሌሎች መዳረሻዎች

የሚከተሉት ርቀቶች በአጭሩ የአየር መስመር የተሰሉ ሲሆኑ፣ የበረራ ጊዜው ያለማቋረጥ ለሚደረግ ጉዞ የተሰጠ ግምት ነው።

ጅዳ፦ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ከ2 እስከ 3 ሰዓት፤ ከአዲስ አበባ ጋር የሰዓት ልዩነት የለም።

ዱባይ፦ 2,520 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ 4 ሰዓት ገደማ፤ ዱባይ በ1 ሰዓት ትቀድማለች።

ጆሃንስበርግ፦ 4,060 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ ከ5 እስከ 5 ሰዓት ተኩል፤ አዲስ አበባ በ1 ሰዓት ትቀድማለች።

ለንደን፦ 5,920 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ 8 ሰዓት ገደማ፤ አዲስ አበባ እንደ ወቅቱ በ2 ወይም በ3 ሰዓት ትቀድማለች።

ጓንዡ፦ 8,040 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ 10 ሰዓት ገደማ፤ ጓንዡ በ5 ሰዓት ትቀድማለች።

በሌላ ሀገር አውሮፕላን ቀይረው የሚሄዱ ከሆነ የሁለቱ በረራዎች ጊዜና በመካከል የሚጠብቁበት ሰዓት ሁሉ ይደመራል። በመተላለፊያው ሀገር ቪዛ የሚጠየቅ መሆኑንም አስቀድመው ያረጋግጡ።

7. ከቱላ የሚነሱበትን ሰዓት እንዴት ያሰላሉ?

ስሌቱ የሚጀመረው ከመጨረሻው በረራ ሲሆን ወደኋላ ይቆጠራል። ከላይ የተጠቀሰውን ከቦሌ ዓርብ ከምሽቱ 4:30 የሚነሳ በረራ እንውሰድ። ለዓለም አቀፍ በረራ ቢያንስ 3 ሰዓት ቀድሞ መድረስ ስለሚገባ፣ መንገደኛው ከምሽቱ 1:30 ላይ ቦሌ ይገኛል። ቲኬቱ ወይም አየር መንገዱ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ከጠየቀ እሱ ይቀድማል።

በመኪና የሚሄድ ከሆነ የ6 ሰዓት ጉዞና ለጎማ ብልሽት፣ ለፍተሻና ለአዲስ አበባ የመንገድ መጨናነቅ 2 ሰዓት መጠባበቂያ ይያዛል። ከምሽቱ 1:30 ላይ 8 ሰዓት ሲቀነስ ከረፋዱ 5:30 ይሆናል። ይህ ከቱላ መነሳት የሚቻልበት የመጨረሻው ሰዓት እንጂ የሚመከረው አይደለም። ከጠዋቱ 2:00 ሰዓት የተነሳ መንገደኛ ከቀኑ 8:00 ገደማ አዲስ አበባ ስለሚደርስ እንከን ቢገጥመው እንኳ የሚያርምበት ጊዜ አለው። በረራው ከእኩለ ቀን በፊት ከሆነ ደግሞ ቀደም ባለው ቀን አዲስ አበባ ገብቶ ማደር ያስፈልጋል።

በአውሮፕላን የሚሄድ ከሆነ፣ የሐዋሳው በረራ ለምሳሌ ከቀኑ 9:00 ሰዓት ቢሆን፣ ከ2 ሰዓት በፊት ማለትም ከቀኑ 7:00 ሰዓት በሐዋሳ አየር ማረፊያ መገኘትና ከቱላ ከቀኑ 6:00 ሰዓት መነሳት ይኖርበታል። ይህ መንገደኛ ዳለስ ሲያርፍ በአዲስ አበባ ሰዓት ቅዳሜ ከቀኑ 9:30 ነው። ከቱላ ከወጣ 27 ሰዓት ተኩል ሆኖታል ማለት ነው፤ ከቦሌ እስከ ዳለስ ያለው ጉዞ የወሰደው ግን 17 ሰዓቱን ነው። መድኃኒት በሰዓቱ የሚወስዱ፣ ሕፃን የያዙና አረጋውያን መንገደኞች ዝግጅታቸውን በበረራው ጊዜ ሳይሆን በዚህ ጠቅላላ ጊዜ ልክ ማድረግ አለባቸው።

የሐዋሳውንና የዓለም አቀፉን በረራ በአንድ ቲኬት መግዛትና በተለያየ ቲኬት መግዛት ልዩነት አለው። በአንድ ቲኬት ከሆነ የሐዋሳው በረራ ቢዘገይ ወይም ቢሰረዝ መንገደኛውን በሌላ በረራ የማሳፈር ጉዳይ አየር መንገዱን ይመለከታል። በተለያየ ቲኬት ከሆነ ግን ሁለተኛው በረራ ሲያመልጥ ኪሳራው ብዙውን ጊዜ በመንገደኛው ላይ ይወድቃል። ሁለት ቲኬት ለመያዝ የተገደደ ሰው የተጠበቀው በረራ ቢሰረዝ እንኳ በመኪና መድረስ የሚያስችል ጊዜ ይተው፤ ወይም ከአንድ ቀን በፊት ይሂድ።

በደረሱበትም ጉዞው ወዲያው አያበቃም። ዳለስ ከዋሽንግተን መሃል ከተማ በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የፓስፖርት ቁጥጥርና ጓዝ መረከቢያም ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ዋሽንግተንን የሚያገለግሉ ሌሎች አየር ማረፊያዎች ስላሉ ተቀባዩ ሰው የአየር ማረፊያውን ስም በትክክል ማወቅ አለበት።

8. ወደፊት ሊለወጥ የሚችለው

በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ በተባለው ስፍራ የሚገነባው አዲሱ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ሥራ ሲጀምር ከላይ ከተገለጹት ነገሮች ሁለቱ ይለወጣሉ። ቦታው ከቦሌ በከፍታ ዝቅ ያለ በመሆኑ አውሮፕላኖች የበለጠ ክብደት ይዘው ለመነሳት ይችላሉ። ከሐዋሳ በሞጆ በኩል በየብስ ለሚመጣ መንገደኛም አዲስ አበባ ሳይገባ የሚደርስበት ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ግን ስሌቱ በቦሌ ላይ የተመሠረተ ነው።

ማሳሰቢያ

የበረራ ሰዓትና የሚታረፍባቸው ቦታዎች በየወቅቱ ይለወጣሉ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በምሳሌነት የቀረቡት የመነሻና የመድረሻ ሰዓቶች አሰላልን ለማሳየት ብቻ ናቸው፤ የሚጸናው በእርስዎ ቲኬት ላይ የተጻፈው ነው። ከቱላ ከመነሳትዎ በፊት የሚከተሉትን ያረጋግጡ፦

የበረራውን ዕለት፣ ቀንና ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር፤

ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚነሳ ከሆነ የትኛው ምሽት ላይ አየር ማረፊያ መገኘት እንዳለብዎ፤

በረራው ያልተለወጠ መሆኑን ከአንድ ቀን በፊትና በጉዞው ዕለት ከአየር መንገዱ፤

የፓስፖርትና የቪዛ ጊዜ ያላለፈ መሆኑን፣ ስምዎም በቲኬቱና በፓስፖርቱ ላይ አንድ ዓይነት መጻፉን፤

የሚቀበልዎ ሰው የሚደርሱበትን ቀንና ሰዓት በራሱ ሀገር አቆጣጠር ማወቁን።